የጥይት ሂሳብ

በቤቴል እኔ በምኖርበት ሠፈር የአንድ ሕንፃ ዘበኛ የሆኑ የቀድሞው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ አሉ። ሠፈርተኛው በማዕረጋቸው እንጂ በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም። ማታ ከጦር ኃይሎች የመጣሁበት ታክሲ ሲያወርደኝ ደጃፋቸው ላይ ቆም ብዬ ሰላም ማለት ልማዴ ነው። የታላቁ የሕዳሴ ግድብ በተመረቀበት ዕለት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ትንሿ ራዲዮናቸው ጮክ ብላ ታወራ ነበር። እኔም እንደ ጋዜጠኛ አፌን በልቶኝ፣ «ሃምሳ አለቃ፣ የወታደሮቹ ኩባንያ ባይገባበት ኖሮ ይኼ ግድብ መች ባለቀ ነበር?» አልኳቸው።

ደስ አላላቸውም። «ልጄ፣ ወታደር ኩባንያ የለውም። ወታደር ያለው ጠመንጃውና ጓዱ ነው» አሉኝ።

እውነት ይህ አባባል ልክ ነው? ወታደር ኩባንያ ሊኖረው ይገባል ወይስ አይገባም?

የኩባንያውን ታሪክ አንባቢ አይዘነጋውም። የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ባጭሩ ሜቴክ፣ በ2002 ዓ.ም. በ10 ቢሊዮን ብር ካፒታል ሲቋቋም ተጠሪነቱ ለመከላከያ ሚኒስቴር ነበር። የጥይትና የመሣሪያ ፋብሪካዎች ብቻ ሳይሆኑ የአቃቂ የመለዋወጫ ፋብሪካና የአዳማው የትራክተር መገጣጠሚያም በአንድ ጥላ ሥር ተሰበሰቡለት። የሕዳሴው ግድብ የኤሌክትሮ መካኒካልና የብረታ ብረት ሥራ ተሰጠው። ስኳር ፋብሪካ ተሰጠው፤ የያዩ ማዳበሪያ ፋብሪካም ተሰጠው። የአዲስ አበባ ሕዝብ ደግሞ ቢሾፍቱ ላይ በተገጣጠሙ አውቶቡሶች ወዲያና ወዲህ ብሏል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. መንግሥት የግድቡን ሥራ ከሜቴክ መንጠቁን አስታወቀ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኮርፖሬሽኑ በስድስት ዓመት ውስጥ ወደ 37 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ የውጭ ግዥ ያለ ጨረታ ፈጽሟል ብሎ ተናገረ፤ የቀድሞው ዋና ሥራ አስኪያጅም በካቴና ታስረው በቴሌቪዥን ታዩ።

ስለ ሰዎቹ ጥፋተኝነት እዚህ አልፈርድም። ያ የችሎት ጉዳይ ነው፤ ደግሞም ነገሩን ሁሉ የጥቂት ሌቦች ጉዳይ አድርገን ከዘጋነው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለን መተኛታችን ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በዚያ ቤት የነበሩት ሁሉ እንደ መላእክት ንጹሐን ቢሆኑስ ኖሮ ሥራው ያምር ነበር?

አይመስለኝም። ንግድና ፋብሪካ የሚኖሩት «አይሆንም» በሚባል ቃል ነው። ገዢው ዋጋው አልተስማማኝም ብሎ ይሄዳል፤ መሐንዲሱ በዚህ ጊዜ አይደርስም ብሎ አለቃውን ይሞግታል፤ ባንኩ መያዣህን አሳየኝ ይላል። በጦር ሠራዊት ውስጥ ግን «አይሆንም» ማለት ጥፋት ነው። መሆንም አለበት፤ ኮረብታውን ያዝ የተባለ ሻለቃ ስለ ወጪው መከራከር ከጀመረ አገር የለችም። ታዲያ ኮሎኔሉ መሐንዲስ ለጄኔራሉ አለቃው «ይህ ተርባይን በተባለው ቀን አይገጠምም» የሚለው በየትኛው አንደበቱ ነው? የመንግሥት ስኳር ድርጅትስ ትጥቅ ካለው ተቋራጭ ጋር ተጣልቶ ውሉን የሚያፈርሰው በየትኛው ልቡ ነው? ትእዛዝ ኮረብታ ያስይዛል እንጂ ስኳር አያስፈላም።

ለተቃራኒው ሐሳብም ፍርድ መስጠት ይገባል። ያኔ ሜቴክን ያቋቋሙት ሰዎች፣ የግሉ ነጋዴ ሕንፃና ዕቃ ማስመጣት እንጂ ብረት ማቅለጥ አይወድም፣ ዲሲፕሊንና መሐንዲስ ያለው ሠራዊቱ ነው ይሉ ነበር። ይህ ከንቱ ወሬ አይደለም፤ ሥሩም ሩቅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ፈረንጆቹን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት እኮ አገሬው ብረት ሠሪውን ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያለ በሚሸሽበት ዘመን ነው። የእጅ ሙያን የናቀ ሕዝብ ኢንዱስትሪውን ለንጉሡ መድፍ ትቶ ኖረ። ቢሾፍቱ አካባቢ ያለው የመሣሪያ ፋብሪካ ጋፋት ተብሎ መጠራቱን ባሰብኩ ቁጥር፣ ስሙን ብቻ ሳይሆን ጠባያችንንም ይዞ የመጣ ይመስለኛል። ለሜቴክ መፈጠር እኛም ድርሻ አለን።

ነገር ግን ጋፋትን ስናነሣ የቴዎድሮስን ሌላ ሙከራም ማንሣት አለብን። ወታደሩ ከገበሬው ማጀት እየገባ መብላቱን ትቶ ደመወዝ እንዲበላ ሞክረው ነበር፤ አልሆነላቸውም። ዐፄ ምኒልክም ከክፉው ቀን ረሃብ በኋላ፣ በ1884 ዓ.ም. ገደማ፣ ወታደር በገበሬው ቤት ተመርቶ መቀለቡ እንዲቀር ብለው አሥራት ደነገጉ። ልማዱ ግን በአንድ ዐዋጅ የሚነቀል አልነበረም። ሁለቱ ነገሥታት የገባቸው ነገር ይህ ነው፤ ወታደር የሚበላውን ራሱ መርጦ የሚያነሣ ከሆነ ገበሬው ጌታ ሁለት ይሆንበታል። የሚበላው ከግምጃ ቤት፣ ተቆጥሮ፣ ፊርማ ተፈርሞበት ሲወጣ ግን የአገር ልጅ ይሆናል።

በአንጻሩ ግምጃ ቤቱ ወታደሩን ሲረሳውም ወዮ ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሮች ያመፁት ስለ ርዕዮተ ዓለም አልነበረም፤ ስለ ምግብና ስለሚጠጣ ውሃ ነበር። ሊያረጋጋ የተላከውን ጄኔራል ይዘው እነሱ የሚበሉትን አስበሉት ይባላል። በዚያው ዓመት መስከረም ሳይጠባ ዙፋኑ ተናግቶ ነበር። ሠራዊት መጥኖ መቀለብ የጽድቅ ሥራ ብቻ አይደለም።

የውጭውን ያየን እንደሆነ፣ በፓኪስታን የጡረተኛ ወታደሮች ድርጅት ሲሚንቶና ማዳበሪያ ይሸጣል፤ በግብፅ ሠራዊቱ ፓስታና የታሸገ ውሃ ያመርታል። ቻይና ግን በ1990 ዓ.ም. መጨረሻ ሠራዊቷ ከንግድ እንዲወጣ አዘዘች። ያዘዙት የአገሪቱ መሪ ጂያንግ ዜሚን የሠራዊቱ የበላይ አለቃም ነበሩ፤ ከታጠቀ ሰው ሱቅ መዝጋት በዚያም ተራ የንግድ ፈቃድ ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው።

ዋናው የኅሊና ጥያቄ እዚህ ላይ ይመጣል። ወታደር ለእኔና ለአንተ ሊሞት የወጣ ሰው ነው። ውለታው በገንዘብ አይመለስም። ታዲያ ይህ ሰው ነጋዴ ሆኖ ሲመጣ ምላሱን ማን አንሥቶ ደረሰኝህን አሳየኝ ይለዋል? ፍርሃት አንድ ነገር ነው፤ ይሉኝታ ግን ከፍርሃት ይብሳል። ምስጋናችን ኦዲተሩን አፉን ያስይዘዋል። ያ ምስጢር ነው፣ ይኼ የአገር ደኅንነት ነው ሲባል የጥይቱና የአውቶቡሱ መዝገብ በአንድ ካዝና ይቆለፋል። በመጨረሻ የሚጎዳው ራሱ ወታደሩ ነው፤ ምሽግ ውስጥ ያለው ተራ ወታደር ከዚያ ሁሉ ቢሊዮን ስባሪ ሳንቲም ሳያይ፣ ስሙ ግን ከጨረታና ከኮሚሽን ጋር አብሮ ተነሣ። ሃምሳ አለቃን ያስከፋቸው ይህ ይመስለኛል። ሜቴክ ዛሬ ፈርሶ የሲቪሉ ክፍል ኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ ተብሏል፤ የጦር መሣሪያው ክፍል ለመከላከያ ቀርቷል። መከላከያ የራሱ የኮንስትራክሽን ድርጅትም አለው። መለየቱ ጥሩ ጅምር ነው፤ ይሉኝታው ግን በደንብ አይፈርስም።

በማግሥቱ ማታ ሃምሳ አለቃን ይቅርታ ልጠይቃቸው ቆምኩ። «ለመሆኑ በእርስዎ ጊዜ ሂሳብ ትጠየቁ ነበር?» አልኳቸው።

«እንዴታ! ጥይት ስንቀበል ቆጥረን እንፈርማለን። ስንመለስ የተኮስነውን ቀለሃ ሳይቀር እናስረክባለን። አንዲት ከጎደለች እንቅልፍ የለም፤ ሻለቃውም ቢሆን ይጠየቅባታል።»

ይህን ብለው ከጥበቃ ቤቷ መስኮት ላይ ደብተራቸውን አነሡና ወደ ሕንፃው የገባችውን መኪና ታርጋ ከነሰዓቷ መዘገቡ። የሕንፃው ባለቤት መኪና ነበረች።