ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ጥምጣም የካህንና የመምህር ምልክት ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው ተረት ንባቡን፣ ዜማውን፣ ቅኔውን ሳይዘልቅ ሻሹን የጠመጠመን ሰው ይገሥጻል። ዛሬ ከትምህርቱ ይልቅ ለማዕረጉ ለሚቸኩል ሁሉ ይነገራል። እኔም ከሥራ መልስ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ቁጭ ብዬ መጽሐፍ በእጅ መጠረዝ መልመድ ከጀመርኩ ወዲህ ተረቱን በመርፌና በክር እየፈተንኩት ነው።

በአንድ በኩል ጥበቡ ራሱ ለተረቱ ይመሰክራል። በአባቶቻችን አሠራር መጀመሪያ ቅጠሎቹ ታጥፈው እርስ በርሳቸው ይገቡና ጥራዝ ይሆናሉ። እጥፋታቸው በወስፌ ይበሳል፤ ክሩም ከአንዱ ጥራዝ ሲወጣ በፊተኛው ስፌት ሥር እየዞረ ሁሉንም በሰንሰለት ያያይዛቸዋል። ብዙ ጊዜ ከዋንዛ የሚሠሩት የሽፋኑ ገበታዎችም ጠርዛቸው ተበስቶ በዚያው ክር ይታሰራሉ። ገበታው ቆዳ የሚለብሰው፣ በጋለ ብረትም መስቀልና ሐረግ የሚታተምበት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ስፌቱ ከላላ ያማረ ድጉስ ቆዳ ለጊዜው ይሸፍነው ይሆናል፤ መጽሐፉ ሲገለጥና ሲከደን ግን ጥራዞቹ እየተነቀሉ ይወጣሉ። ቆዳው የመጽሐፉ ጥምጣም ነው።

በሌላ በኩል ተረቱን «ሳታውቅ አትንካ» ብለን ከተረጎምነው እጅን ያስራል። ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ የመጽሐፍ ሥራ ያሳተሙት ጥናት ለጀማሪ ትልቅ ስንቅ ነው። ይሁን እንጂ ክሩ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት ከጣት በቀር የሚያስተምር የለም። ከጠበቀ ወረቀቱን ይቀደዋል፤ ከላላ በጥራዞቹ መካከል ክፍተት ይተዋል። በእጅ ሥራ ትምህርቱ የሚገኘው ከሥራው ውስጥ ነው። «መጀመሪያ ልወቅ፣ ከዚያ እጀምራለሁ» የሚል ሰው መቼም አይጀምርም። ተረቱ ይቆይ ያለው ጥምጣሙን እንጂ መርፌውን አይደለም። በትርፍ ጊዜው ለሚማር ሰው ደግሞ ይህ ትልቅ ነፃነት ነው፤ የሚጠብቀው ማዕረግ ስለሌለ ጥበቡን ለጥበቡ ሲል ይማረዋል።

ተረቱ ያለ አንዳች ማቃለያ የሚጸናበት ቦታም አለ። እርሱም የቆየ ብራና ነው። አድዋ አጠገብ ያሉት የአባ ገሪማ ወንጌሎች ብራናቸው በካርበን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጀ ታውቋል። በየዘመኑ እንደገና ሲጠረዙ ግን ቅጠሎቻቸው ከቦታቸው ተዘባርቀው ነበር። የአሮጌ መጽሐፍ ክር፣ የመርፌ ቀዳዳው፣ ከገበታው ውስጥ የተለጠፈው ጨርቅ ሁሉ ታሪክ ይነግራል፤ ያልሠለጠነ እጅ በቅንነት ሲጠግን ያንን ምስክር ሊያጠፋው ይችላል።

ስለዚህ መልመድ የሚሻ ሁሉ ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ከልጆች ደብተር የሚተርፈውን ባዶ ወረቀት ሰብስቦ ይጀምር። ይጠርዝ፣ ይፍታ፣ ደግሞ ይጠርዝ። ጎረቤት የአያቱን ዳዊት ይዞ «እስቲ ጠግንልኝ» ብሎ ሲመጣ ግን «ገና አልደረስኩበትም፤ ለባለሙያ አሳየው» ይበል። ይህን መልስ ሳያፍር መስጠት የቻለ ሰው መማር ጀምሯል።