አጥርና በር



ከጥርባ ወጥተው በአዲስ አበባ መኖር ከጀመሩ ጥቂት ዓመታት የሆናቸው አንድ ቤተሰብ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ አንድ ጥያቄ አቀረቡልን። በከተማው አጥር የሚጋሩአቸው ጎረቤቶች ከራሳቸው የእምነት ማኅበር ውጭ ከሆነ ሰው ጋር ማዕድ የማይቆርሱ ናቸው። ቡና ተፈልቶ ሦስት ጊዜ ተጠርተው ሦስቱንም ጊዜ አመስግነው ቀሩ። ይህን ያየች የቤቱ ትንሽ ልጅ «እማዬ፣ እኛ ቆሻሾች ነን እንዴ?» ብላ ጠየቀች። እናቲቱም «አባ፣ ለልጄ ምን ብዬ ልመልስላት? ከእንግዲህስ ሰላምታውን እንተወው ይሆን?» አሉን። የዚያን ዕለት የሰጠናቸው መልስ አጭር ነበር፤ ጥያቄው ግን ከእኛ ጋር ስለ ቆየ በዚህ ጽሑፍ ልንመለስበት ወደድን።

ነገሩ የአንድ ግቢ ብቻ አይደለም። በገጠር ሰው ጎረቤቱን ከነአያት ቅድመ አያቱ ያውቀዋል፤ ሃይማኖቱ ቢለይ እንኳ በሬው፣ ማሳው፣ ሐዘኑና ደስታው ይታወቃል። በትልቅ ከተማ ግን በአንድ ግድግዳ የሚለያዩ ሰዎች በስም እንኳ ሳይተዋወቁ ዓመታት ያልፋሉ። እንግድነት የሚያስፈራው ሰው ደግሞ የሚመስለውን ይፈልጋል፤ አብሮት የሚጸልይና አብሮት የሚጾም ማኅበር ሁለተኛ ቤት ይሆንለታል። ስለዚህ ለብቻ መሰብሰብ በራሱ ክፋት አይደለም። የሚከብደው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። አንድ ማኅበር የራሱን ለመጠበቅ በሩን ሲዘጋ ጎረቤቱን ይበድላልን? በውጭ የቀረውስ ሰው ለተዘጋው በር የሚሰጠው ተገቢ ምላሽ ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ ጎንደር ጥንታዊ ምስክር ናት። ዐፄ ፋሲለደስ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1636 የቈረቈሩአት ከተማ የነገሥታት መቀመጫ፣ የነጋዴዎች መገናኛ፣ የሊቃውንት መማሪያ ሆነች። በከተማዪቱና በዙሪያዋም ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙና ቤተ እስራኤሉ ይኖሩ ነበር። በ1668 በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ፣ «ፈረንጆች» የተባሉት ካቶሊካውያንም የአገሪቱን ቤተ ክርስቲያን እምነት ካልተቀበሉ አገር ለቅቀው እንዲወጡ ወሰነ። ለሙስሊሞቹ የተለየው ሰፈር አዲስ ዓለም በሚል ስም እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ከሁሉ ይልቅ የቤተ እስራኤል ታሪክ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከሌላ እምነት ሰው ጋር ላለመነካካት የሚጠነቀቁበት የንጽሕና ሥርዓት ነበራቸው፤ ከውጭ ሰዎች ጋር ውሎ የተመለሰ ሰው ይታጠብ ነበር። ይህም ሥርዓት «አትንኩኝ» በሚል ስም ይታወቃል። ነገር ግን አጥሩ በእነርሱ እጅ ብቻ የታጠረ አልነበረም። ርስት ስለ ተከለከሉ ብረት በመቀጥቀጥ፣ በሸክላ ሥራ፣ በሽመናና በግንብ ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ገበሬው ማረሻውን ከእነርሱ እየገዛ «ቡዳ ናቸው» እያለ ይፈራቸው ነበር። የጎንደርን አብያተ መንግሥት በመገንባት የተሳተፉ ሰዎች ከከተማዪቱ ሕዝብ ተለይተው ኖሩ። እንግዲህ አንዱ አጥር ከውስጥ፣ ሌላው ከውጭ ታጥሮ ነበርና የትኛው እንደ ቀደመ ለመለየት ያስቸግራል።

እዚህ ላይ ለመፍረድ መቸኮል አይገባንም። የእነዚህ ሰዎች ጥንታዊ ቋንቋ ከአገው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ በጸሎታቸውም የአገውኛ ቃላት ተጠብቀው ቆይተዋል። ስለዚህ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በጥርባ አገውኛ እየሰማ ላደገ ሰው እነዚህ «የውጭ ሰዎች» የቋንቋ ዘመዶቹ ናቸው። ያ አጥር ባይኖር ኖሮ እምነታቸውና ጸሎታቸው ለዘመናችን ባልደረሰም ነበር። ጥቂቶች በብዙዎች መካከል ሲኖሩ አጥር የሕይወት ጉዳይ ይሆንባቸዋል። ብዙኃኑ ይህን በቀላሉ አይረዱትም፤ ምክንያቱም ማንም ሳያስገድዳቸው ከተማው ሁሉ በእነርሱ በዓል ያርፋል፣ በእነርሱ ጾም ይጾማል።

ታሪኩ ግን በዚህ አልተፈጸመም። ቤተ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል፣ ቀጥሎም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ሆነው ወደ እስራኤል ተጓዙ። እ.ኤ.አ. በ1996 በዚያ አገር ለሕሙማን የለገሱት ደም በሽታን በመፍራት በስውር ይጣል እንደ ነበር በጋዜጣ ተገለጠ፤ ብዙ ሺህ ሆነውም በኢየሩሳሌም ተቃውሞ አሰሙ። በጎንደር ሳሉ ስለ ንጽሕና «አትንኩኝ» ይሉ የነበሩ ሰዎች፣ ወገኖቻችን ናቸው ባሉአቸው ሰዎች ዘንድ ደማቸው የማይነካ ሆነ። በዚህ የሚደሰት ቢኖር ነገሩ አልገባውም። ከዚህ የምንማረው ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ አጥር ሠሪ፣ በሌላ ቦታ ከአጥር ውጭ የሚቀር መሆኑን ነው።

እኛ ካቶሊካውያንም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ፤ በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የሕዝቡን የቆየ ሥርዓት ወደ ጎን ትተው የተጠመቁት እንደገና እንዲጠመቁ፣ ካህናቱም እንደገና እንዲካኑ አደረጉ። በዚህም ምክንያት ብዙ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ አወጁ። በ1668 በሩ በካቶሊካውያን ላይ ሲዘጋ ቁልፉን በከፊል ያቀበልነው እኛው ነበርን ማለት ይቻላል። የሌላውን አጥር በኃይል ማፍረስ ሌላውን የባሰ አጥር እንዲያጥር ያስገድደዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ማንም ሰው በእምነት ጉዳይ መገደድ እንደማይገባው ሲያስተምር፣ እንዲህ ያለው ጠባሳ ላለባት አገር ትምህርቱ እንግዳ ሊሆን አይገባውም ነበር።

ሌላም ምሳሌ አለን። በ1839 ወደ አገራችን የመጡት ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያዕቆቢስ የአገሪቱን ቋንቋዎች ተማሩ፤ እንደ አገሩ መነኮሳት ለበሱ። በ1841 ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከተጓዙት መልእክተኞች ጋር አብረው ሄዱ። የእርሳቸው ማኅበር ያልሆነ ሕዝብ የሚያስፈልገውን ለማግኘት ደከሙ ማለት ነው። ከመልእክተኞቹ አንዱ የጎጃም ተወላጅ የሆኑት መነኩሴ ገብረ ሚካኤል ነበሩ፤ እርሳቸውም ኋላ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በ1855 በእስር እንዳሉ ዐረፉ፣ በ1926 ብፅዕናቸው ታወጀ። ቅዱስ ዩስጢኖስ ወደ ሰው ግቢ የገቡት አጥር ጥሰው ሳይሆን በር አንኳኩተው ነበር።

ጥያቄው ለቤተ ክርስቲያንም ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። በታላቂቱ ከተማ በአንጾኪያ ቅዱስ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋር ይበላ ነበር፤ ከኢየሩሳሌም ሰዎች በመጡ ጊዜ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ራቀ። ቅዱስ ጳውሎስም በፊቱ ተቃወመው። ልብ እንበል፦ ጴጥሮስ የተወቀሰው የአባቶቹን ሥርዓት ስለ ወደደ አይደለም፤ ትናንት ወንድም ያለውን ሰው ዛሬ ሰው አየኝ ብሎ ስለ ተወው ነው።

«ታዲያ በሩ ሲከፈት ልጆቻችን ቢጠፉብንስ?» የሚል ይኖራል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ በከተማ በአንድ ትውልድ ጾሙን፣ ጸሎቱንና ቋንቋውን የረሳ ቤተሰብ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ጎረቤቱን በመናቅ የተጠበቀ እምነት ልጁ የተናቀውን ሰው ደግነት ባየ ቀን ይናጋል። የራሱን አውቆና ወድዶ ያደገ ልጅ ግን ወደ ጎረቤት ቤት ገብቶ ይወጣል፤ የሚመለስበትን ያውቃልና።

ስለዚህ የራሳችንን አጥር በሦስት ነገር እንመርምረው። አንደኛ፣ በውስጥ ለሕፃናት የሚነገረው ምንድን ነው? «ይህ የእኛ ሥርዓት ነው» ማለትና «እነርሱ ርኩሳን ናቸው» ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሁለተኛ፣ በሞት፣ በሕመምና በረኃብ ቀን በሩ ለማንም ይከፈታልን? ሦስተኛ፣ መውጣት የፈለገ ሰው ሳይረገምና ከእናት ከአባቱ ሳይቈረጥ ሊወጣ ይችላልን? ሦስቱን የሚያሟላ ማኅበር ቢጠብብም ቤት ነው፤ የማያሟላ ግን እስር ቤት ወደ መሆን ያዘነብላል።

በሥርዓት ጸንቶ በሩን መክፈት እንደሚቻል ሕዝባችን ያውቀዋል። ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም እንግዶቹ በሙስሊም እጅ አሳርዶ፣ በተለየ ድስት አሠርቶ ያቀርባል። ማንም ሥርዓቱን አላፈረሰም፤ ማንም ሳይበላ አልሄደም። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጡአቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች በአዲስ አበባ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያንም የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሰ። የአርመን ማኅበር የራሱን ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና ቋንቋ ይዞ ኖሮ ከተማውን አገለገለ።

አሁን ወደ እናቲቱ እንመለስ። «ሰላምታውን አትተዉ» አልናቸው። «ቡናውን ግን አራተኛ ጊዜ አታስገድዱ፤ የማይበሉት ከንቀት ሳይሆን ከሕጋቸው ሊሆን ይችላል። ለልጅዎ ‹እነርሱ እንዲህ ይኖራሉ፣ እኛ ደግሞ እንዲህ፤ ሁላችንንም የፈጠረን አንድ ነው› ይበሉአት።» ቀጥለንም «እናንተስ በሰፈሩ የማንን ለቅሶ ደረሳችሁ?» ብለን ጠየቅን። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «የቁምስናችንን ሰዎች ብቻ» አሉ።

ዝምታቸው የእኛም ነበር። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በከተማ የምንኖር ጥቂቶች ስለ ሌሎች የተዘጋ በር ከማማረራችን በፊት የራሳችንን መቀርቀሪያ እንፈትሽ። ጎረቤታችን በሩን መክፈት ያለመክፈት የራሱ ነው። የእኛን በር ግን የምንጠየቅበት እኛ ነን።