አርባ ቀንና ሰማንያ ቀን

ወንድ ልጄን በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጄን በ80 ቀኗ ክርስትና አስነሳሁ። ለሴቷ ስል እኔም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እጥፍ ቆየሁ፤ በእነዚያ ቀናት አንድ ጥያቄ ሆዴን ይበላኝ ነበር፦ ዘግይታ መግባቷ ማነሷ ነው? የንስሐ አባቴ መጽሐፈ ኩፋሌን ጠቅሰው መለሱልኝ። አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ፤ የገቡበት ገነት ግን አንድ ነው። የልጆቼም ጥምቀት አንድ ነው።

መልሱ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ያውም ክፍል ውስጥ።

አራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። «ሦስት አራተኛና አንድ ሁለተኛ፣ የቱ ይበልጣል?» ስል ጠመኔውን ሳላስቀምጥ ወንዶቹ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» እያሉ ከዴስኩ ይነሳሉ። ከኋላ የአንዲት ልጅ እጅ እስከ ጆሮዋ ከፍ ይልና ይወርዳል። ለዓመታት ቀድሞ እጁን ላወጣ ዕድል ስሰጥ ፍትሐዊ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ማንንም አልከለከልኩማ!

ያ እጅ የወረደው መልሱ ጠፍቷት አይደለም። ልጅቷ ውሃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ ነው የምትመጣው፤ ከተሳሳተች ደግሞ ይሳቅባታል። እኛም መምህራኑ መጥረጊያ የምናስይዘው ሴቷን፣ ደወል የምናስደውለው ወንዱን ነው። ቋንቋችንም ያግዘናል፦ «ማን ይመልስልኛል?» ስል ግሡ የወንድ ነው። የምናሞግስበት «ጎበዝ» እንኳ ዱሮ ለጦር የደረሰ ወንድ የሚጠራበት ቃል ነበር።

አንድ ባልደረባዬ «ወንድ ራስ ነው ይላል መጽሐፉ» አለኝ። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች ሲጽፍ ራስ ያለው ባልን ነው፤ የዐሥር ዓመት ልጅ የማንም ባል አይደለም። በዘፍጥረት በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠሩት ደግሞ ወንድም ሴትም ናቸው። ይህን የሚያምን መምህር የአንዷን እጅ ሳያይ እንዴት ያልፋል?

አሁን ጠይቄ ስጨርስ በልቤ እስከ 10 እቆጥራለሁ፤ እስከዚያ የማንንም ስም አልጠራም። መጀመሪያ ወንዶቹ አጉረመረሙ። ሰባት፣ ስምንት ላይ ስደርስ የኋላው ረድፍ እጆች ይነሳሉ፤ ዘግይተው ነው እንጂ አንሰው አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ያቺ ልጅ ወጥታ ሰሌዳው ላይ ክብ ሣለች፤ አራት ቦታ ከፈለችው፤ ሦስቱን በጠመኔ ሞላች። «ግማሹ ሁለቱ ነው፤ ሦስቱ ይበልጣል» አለች። ልክ ነበረች።