ኒቆዲሞስ ጠየቀ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ ያውም በዐቢይ ጾም ኒቆዲሞስ የምንለው ሰንበት። በዚያች ዕለት በስፔኗ ደሴት በቴኔሪፍ ሁለት ቦይንግ 747 አይሮፕላኖች፣ የሆላንዱ ኬ.ኤል.ኤም. እና የአሜሪካው ፓን አም፣ በአንድ መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። የተረፉት 61 ብቻ ናቸው፤ ሁሉም ከፓን አም።

የእግዚአብሔር ቁጣ ነው የሚሉ አይጠፉም። እኛ አንልም። የሰሊሆም ግንብ የተናደባቸው 18 ሰዎች ከሌላው ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ጌታችን አስተምሮናልና።

ጭጋጉ ከብዶ ስለነበር ማማው አይሮፕላኖቹን አያይም፤ እነርሱም አይተያዩም። የኬ.ኤል.ኤሙ ዋና አብራሪ የመነሣት ፈቃድ ሳያገኝ መንደርደር ጀመረ። ማማው «ቆይ» ሲል፣ ፓን አምም ገና መንደርደሪያው ላይ መሆኑን ሲናገር፣ ሁለቱ ድምፆች በሬዲዮ ተደራርበው በፉጨት ተዋጡ። ቀጥሎ በሰማው ንግግር የተጠራጠረው የበረራ መሐንዲስ፣ ያኛው አይሮፕላን ከመንገዱ አልወጣ ይሆን ብሎ ጠየቀ። ዋናው አብራሪ ግን መውጣቱን በእርግጠኝነት መለሰ። ይህ ሰው የሌሎች አብራሪዎች አሠልጣኝ ነበር፤ ማን ደግሞ ይሞግተው? ጥያቄው በዚያው ቀረ።

ኒቆዲሞስም የእስራኤል መምህር ነበር። ነገር ግን በሌሊት መጥቶ፣ ይህ እንዴት ይሆናል ብሎ እንደ ተማሪ ጠየቀ። በኋላም በአለቆች ሸንጎ መካከል፣ ሰውን ሳይሰሙ መፍረድ ሕግ አይደለም ብሎ ብቻውን ተናገረ። ተሳለቁበት፤ እርሱ ግን ተናግሯል።

ታላቅን ማክበር ዝም ማለት የሚመስለን አለን። በጉባኤ አንገት ደፍቶ፣ ከወጡ በኋላ የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ማጉረምረም ግን አክብሮት አይደለም፤ ሐሜት ነው። ከቴኔሪፍ ወዲህ፣ ወደ አርባ ምንጭ የሚበሩት ጭምር፣ የአይሮፕላን ሠራተኞች በማዕረግ የሚያንሰው ሥጋቱን እንዲናገር፣ አለቃውም እንዲሰማ ይሠለጥናሉ።

መስማት ለታላቆች ብቻ የተሰጠ ሸክም እንዳይመስለንም፣ የከተማችንን ነገር እናስታውስ። መስከረም 2011 ዓ.ም. ከቡራዩው ግድያ በኋላ ወጣቶች በቁጣ በአርባ ምንጭ አደባባይ ወጥተው ሳለ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። አባት ለልጅ! ያ ሁሉ ወጣት ቆመ፤ ንብረትም ሳይቃጠል፣ ደምም ሳይፈስ ተመለሰ።