ከክፍል ወደ ቤት ብቻ? ዩኒቨርሲቲ ለምትጀምሩ ወንድሞችና እህቶች

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዩኒቨርሲቲ ስትጀምሩ ቤት ውስጥ ሳትሰሙት የማትቀሩት ምክር አለ፦ «ተምረህ ቀጥ ብለህ ወደ ቤትህ ና።» ወላጆቻችን ይህን የሚሉት ከፍቅር ነው። መጠጡን፣ ጭፈራውን፣ ዲን የሚያስረሳ ጓደኛን ይፈራሉ፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው። ነገር ግን ከሰው መሸሽ ብቻውን ኢማንን አይጠብቅም። አራት ዓመት ሙሉ ምሳውን መኪናው ውስጥ ብቻውን የሚበላ ተማሪ ሶላት ማጓደል ሲጀምር «ምነው ጠፋህ?» የሚለው ሰው የለም።

ነቢያችን (ሶ.ዐ.ወ) ከሰዎች ጋር እየኖረ ጉዳታቸውን የሚታገስ ሙእሚን ከማይቀላቀለው የበለጠ ምንዳ እንዳለው አስተምረዋል። እርሳቸውም ከነቢይነታቸው በፊት፣ በወጣትነታቸው፣ በዐብዱላህ ኢብኑ ጁድዓን ቤት በተደረገው የሒልፍ አል-ፉዱል ስምምነት ላይ ተገኝተዋል። ከየመን የመጣ ነጋዴ መካ ውስጥ ዕቃውን ሸጦ ዋጋውን ስለተከለከለ፣ የተሰበሰቡት ሰዎች የተበደለን ሁሉ ሐቁን ሊያስመልሱለት ተማማሉ። ኢስላም ከመጣ በኋላም ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ ተናግረዋል። እዚያ የተሰበሰቡት ሙስሊሞች አልነበሩም፤ የተሰበሰቡበት ጉዳይ ግን ሐቅ ነበር።

አሜሪካ የምትማሩ በመጀመሪያው ሳምንት የሙስሊም ተማሪዎች ማኅበሩን (ኤም.ኤስ.ኤ) ፈልጉ። ማኅበሩን በ1963 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት በአብዛኛው ለትምህርት ከውጭ የመጡ ወጣቶች ነበሩ። የመስገጃ ክፍሉ የት እንደሆነ፣ ጁሙዓ ስንት ሰዓት እንደሚሰገድ እዚያ ታገኛላችሁ። እዚያ ብቻ መቅረት ግን በበኩሌ አልመክርም። ኢንጂነሪንግ የምትማሩ ትንሽ የእሽቅድምድም መኪና ነድፎ የሚሠራ፣ ወይም ከኮንክሪት ታንኳ ሠርቶ የሚወዳደር ቡድን አይጠፋችሁም። (አዎ፣ ኮንክሪት ይንሳፈፋል፤ ለምን እንደሆነ ገብታችሁ እዩት።) በ1975 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው የጥቁር ኢንጂነሮች ማኅበርም በብዙ ካምፓሶች ቅርንጫፍ አለው። ዓይን አፋር ከሆናችሁ ወርክሾፕ በመጥረግና ብሎን በማጥበቅ ጀምሩ፤ ማንም ውጤታችሁን አይጠይቅም። ሥራ ስትፈልጉ ግን «ምን ሠርተህ ታውቃለህ?» መባላችሁ አይቀርም።

ዋናው ፈተና ሰዓቱ ነው። በክረምት ፀሐይ ቶሎ ስለምትጠልቅ የማታው ስብሰባ መግሪብ ላይ ይወድቃል። «ለሶላት አሥር ደቂቃ እወጣለሁ» የሚለውን በመጀመሪያው ስብሰባ ተናገሩ። የዚያን ዕለት ተራ ነገር ነው፤ ሦስት ወር ከደበቃችሁት በኋላ ግን ምላስ ላይ ይከብዳል። ቡድኑ ሥራ ጨርሶ ወደ መጠጥ ቤት ሲሄድ እናንተ ወደ ቤት ሂዱ፤ በማግስቱ ሥራው ላይ ቀድማችሁ ከተገኛችሁ አይከፋባቸውም።

ሒሳብ መያዝ የምትችሉ ደግሞ ከተማሪዎች ምክር ቤት አትሽሹ። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የግምጃ ቤቱን ኃላፊነት ራሳቸው የጠየቁት ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውን ገልጸው ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ከክፍያችሁ ላይ ለተማሪዎች እንቅስቃሴ የሚቆረጠውን ገንዘብ ለየማኅበሩ የሚያከፋፍሉት ተማሪዎች ናቸው። ገንዘቡ አማና ነው፤ የአምስት ዶላር ደረሰኝ እንኳ አይጣል።

በመጀመሪያው ሴሚስተር ኤም.ኤስ.ኤንና አንድ ሌላ ነገር ብቻ ያዙ፤ ውጤት ከወረደ ቀንሱ። ቡድኑ ሥራውን በሚያሳይበት ቀን እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የት እንደምታመሹና ከማን ጋር እንደሆናችሁ በዓይናቸው ይዩ።

ወላሁ አዕለም።