ረዳን ወይስ አልረዳንም? ጥያቄው መቼ ይጠየቅ?



በየሰፈራችን ለልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት፣ ለእናቶች ኡልፓን፣ ለወጣቶች የሙያ ሥልጠና ይከፈታል። በዓመቱ መጨረሻ አንዲት ሠራተኛ መጠይቅ ይዛ ቤታችን ትመጣለች። ቡና እናፈላለን። «ፕሮግራሙ ጠቀማችሁ ወይ?» ስትለን «እግዚአብሔር ይስጥልን፣ በጣም ጥሩ ነው» እንላለን። እርስዋ ከወጣች በኋላ ግን እርስ በርሳችን ሌላ እንነጋገራለን።

እንዲህ ስናደርግ ጨዋዎች ነን ወይስ ዋሾዎች? በአባቶቻችን ልማድ የረዳንን ሰው ፊት ለፊት «አልጠቀመኝም» ማለት ነውር ነው፤ ይሉኝታም መልካም ባሕርይ ነው። ነገር ግን መልሳችን ከሴትየዋ ጋር አይቀርም። ከሌሎች ጋር ተደምሮ የሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ በምን ላይ እንዲውል ለመወሰን ያገለግላል። ስለዚህ የይሉኝታችንን ዋጋ የሚከፍለው ከእኛ በኋላ የሚመዘገበው የጎረቤት ልጅ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ይሁን እንጂ ጥፋቱ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ዘግይቶ ይመጣል። እኩል አራሽ ከባለመሬቱ ጋር የሚዋዋለው ከማረሱ በፊት እንጂ አውድማ ላይ አይደለም። ስንት ቁና እንደዘራ የማያውቅ ገበሬም መሬቱ ምን ያህል እንደሰጠው ሊናገር አይችልም። ልጁ ፕሮግራሙን ሲጀምር ምን ያህል ያነብ እንደነበረ ካልተጻፈ፣ በመጨረሻ «ተሻሻለ» ማለት ግምት ብቻ ነው።

ምን እንደሚቆጠርም አስቀድሞ መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ እስራኤል ገባ። የገባውን ሰው መቁጠር ቀላል ነው፤ ኑሮው መቃናቱን ማወቅ ግን ዓመታት ይፈልጋል። በባግሩትም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛን በ3 የሂዶት ብቻ ያለፈ ልጅ የምስክር ወረቀቱን ሊይዝ ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ግን ቢያንስ 4 ይጠየቃል። የምስክር ወረቀቱን ብቻ የሚቆጥር ፕሮግራም «ተሳካ» ይላል፤ ልጁ ግን በሩ ላይ ቆሟል።

«እውነቱን ብንናገር ያለንንም ይዘጉብናል» የሚሉ ወላጆች አሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም። ስለሆነም ውጤቱ ለማረም ወይስ ለመዝጋት እንደሚውል ገና ሲጀመር ማስወሰን ይገባናል። ጠያቂውም ፕሮግራሙን የሚመራው ሰው አይሁን፤ መጠይቁ በአማርኛ ይሁን፤ ስምም አይጻፍበት። ያን ጊዜ ይሉኝታችን ሳይጎዳ እውነቱ ይወጣል።

ምስጋናና እውነት ጠላቶች አይደሉም ብለን እናምናለን። ስለ ደከመልን ሰው ድካም እናመሰግናለን፤ ስለ ሥራው ፍሬ ደግሞ ያየነውን እንመሰክራለን።

ስለዚህ ልጃችንን ስናስመዘግብ ሦስት ነገር እንጠይቅ። ልጄ ዛሬ የት ነው ያለው? በዓመቱ መጨረሻ ምን ማድረግ እንዲችል ትፈልጋላችሁ? እዚያ ባይደርስ ምን ይደረጋል? መልሱን በወረቀት ተቀብለን እናስቀምጥ። በሚቀጥለው ዓመት መጠይቁ ሲመጣ ከቡናው ጋር አብረን እናቅርበው።