የወጣቶች ንጽሕናና የእኛ ዕዳ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል የምትገኘውን ማንኩሳን ሩቅ ያለ ሰው የሚያውቃት፥ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ. ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸው ነው። በዚያ ታሪክ በዛብህ የተባለው የማንኩሳ ልጅ በሕፃንነቱ ቢታመም፥ ወላጆቹ ከሞት ተርፎላቸው በድንግልና እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳሉ። ልጁ ባደገ ጊዜ ግን ልቡ ሰብለ ወንጌልን ወደደና በስእለቱና በፍቅሩ መካከል ተጨነቀ። ታሪኩ ልብ ወለድ ቢሆንም እኛን የሚመለከት ቁም ነገር አለበት። ንጽሕናን አባትና እናት ለልጃቸው ሊሳሉለት አይችሉም፤ ልጁ ራሱ አውቆና ወድዶ ሊይዘው ይገባል። አውቆ እንዲይዘው ደግሞ የሚያስተምረው፥ ሲደክምም የሚያግዘው ያስፈልገዋል።

በአገራችን የገጠር ልጆች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ከተማ ሲወጡ፥ ቤት ተከራይተው፥ ከወላጆቻቸው ስንቅ እየተቀበሉ ሲማሩ ኖረዋል። ዕድሜያቸው ዐሥራ አምስት ወይም ዐሥራ ስድስት ዓመት ነው። በዚያች ጠባብ ክፍል አባት አይቈጣቸውም፤ እናት አትጠብቃቸውም፤ የንስሐ አባትም ደጃቸውን አይመታም። በእጃቸው የያዙት ስልክ ግን የዓለሙን ሁሉ ርኵሰት በሌሊት ያቀርብላቸዋል።

ዮሴፍም ወንድሞቹ በቀኑበት ጊዜ ዕድሜው ዐሥራ ሰባት ዓመት ነበረ። በግብፅ የጌታው ሚስት ስትፈትነው የሚያየው ዘመድ አልነበረም፤ አባቱ በከነዓን ነበረና። ነገር ግን የአባቱን አምላክ በልቡ ይዞት ስለ ሄደ፥ ሰው በሌለበት እግዚአብሔርን ፈራ። እኛስ ልጆቻችንን ስንልካቸው ከእንጀራውና ከበርበሬው ጋር ምን አስይዘናቸዋል?

አንዳንድ ወላጆች ልጃገረዲቱ እንዳትሰናከል በማለት ገና በልጅነቷ ይድሯታል። ከነሐሴ ወር 2015 ዓ. ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ ይህ አሳብ ለብዙ ወላጅ መፍትሔ መስሎ ሊታየው ይችላል። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ. ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15 ዓመት የነበረው የጋብቻ ዕድሜ፥ በ1995 ዓ. ም. በወጣው በክልሉ የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ሆኗል። ሕጉስ ባይከለክል ሕፃንን ያለ ፈቃዷ ለባል መስጠት ንጽሕናን መጠበቅ ይባላልን? ይህ የወላጅን ስም መጠበቅ እንጂ የልጅን ነፍስ መጠበቅ አይደለም።

ሌላም ስሕተት አለ። በሠርጋችን ልማድ የሙሽራዪቱ ድንግልና ይመረመራል፤ ብር አምባር ተሰበረ ተብሎም ይዘፈናል። ሙሽራውን ግን ማንም አይጠይቀውም። ቤተ ክርስቲያናችን የተክሊልን ጸሎት የምታደርሰው ሁለቱም በድንግልና ለጸኑት ነው፤ ዘውዱም የሚደፋው በሁለቱም ራስ ላይ ነው። በጌታችን ፊት በዝሙት የተያዘችውን ሴት ባቆሟት ጊዜ ወንዱን ይዘው አልመጡም። እኛም እስከ ዛሬ ወንዱን ትተን ሴቲቱን እናቆማለን።

ይህን ስናገር ራሴን ነጻ አላደርግም። በአንድ ደብር ሳገለግል፥ ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አንዲቱ በድንገት ከመዝሙሩ ቀረች። ወሬው በሰበካው ተሰማ፤ ሰዎችም በእርስዋ ላይ ተንሾካሾኩ። ከእርስዋ ጋር የወደቀው ልጅ ግን በየእሑዱ ከበሮውን ይመታ ነበር። እኔም ዐፍሬ ዝም አልኩ። ከዓመት በኋላ ፈልጌ ባስጠይቅ ከአገር ወጥታ ሄዳ ነበር። አንድ ቀን ቀድሜ ደጃቸውን መትቼ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ አዝናለሁ።

ስለዚህ ወንድሞቼ ካህናት ሆይ፥ በ1965 ዓ. ም. በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን የወጣው ቃለ ዐዋዲ በየአጥቢያው ያጸናልንን የሰበካ ጉባኤ ሥራ እናስብ። ሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር የሚጠናበት ቤት ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፥ ከገጠር የሚመጡትን ተማሪዎች በስማቸው እንመዝግብ። እያንዳንዱ ልጅ የንስሐ አባት ይኑረው፤ ካህኑም በወር አንድ ጊዜ እንኳ የተከራዩበትን ቤት ይጐብኝ። ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ መሆኑን ለሴቱም ለወንዱም በግልጥ ቃል እናስተምር። ሐዋርያው ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ቆነጃጅቱን እንደ እኅቶች በፍጹም ንጽሕና እንዲያይ መክሮታልና፥ ወንዶች ልጆቻችን ይህን ቃል አስቀድመው ይማሩ። የማታው መርሐ ግብር ሳይመሽ ይፈጸም፤ ልጆቹም ተያይዘው ወደ ቤታቸው ይግቡ።

የወደቀውን ግን አናባርር። ስንክሳራችን ሚያዝያ 6 ቀን የሚያነሣት ግብፃዊት ማርያም በ12 ዓመቷ በዝሙት ወድቃ ነበረች፤ በንስሐ ግን ለቅዱሳን መታሰቢያ በቃች። በሩን የዘጋባት ሰው ቢኖር ኖሮ፥ እመቤታችን አልዘጋችባትም።

ወላጆችም ሆይ፥ ስለ ልጃችሁ ከተሳላችሁ ስእለቱ የራሳችሁ ትጋት ይሁን። የዮሴፍ አምላክ ልጆቻችንን ባሉበት ይጠብቅልን፤ እኛንም ደጃቸውን የምንመታ እረኞች ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።